ጥይት በጅራት ሲወራረድ

ለክቡር አቶ ሉተር ክራንዳል
የዊሎ ፎርድ ከተማ ምክር ቤት ሊቀ መንበር
እንዲሁም በዋናው ጎዳና የክራንዳል ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ባለቤት
ካንሳስ

ኦክቶበር 14 ቀን 1879

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ የተከበሩት ባለቤትዎም፣ በመደብርዎ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩት ዕቃዎችም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጥቂት እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉዳዬን ወደ ቢሮዎ ይዤ መቅረብ ሲገባኝ በጋዜጣ ማሳተሜን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ በሜይ፣ በጁን እና በኦገስት የጻፍኩልዎት ሦስት ደብዳቤዎች በጠረጴዛዎ መሳቢያ ውስጥ ተመቻችተው መተኛታቸውን ስለማውቅ፣ አራተኛ ጨምሬ ላጣብባቸው አልፈለግሁም።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ስሜ ኦረን ፒተንጊል ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት እስክለቅ ድረስ ለስድስት ዓመታት የዚህች ከተማ ማርሻል ነበርኩ፤ ሰካራም እያሰርኩ፣ ጠብ እየገላገልኩ፣ ባለቤት የሌለውን ውሻ እየተኮስኩ ደመወዜን በልቻለሁ። አሁን ከሥራዬ ስለተሰናበትኩ፣ ለምክር ቤቱ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር ለማቅረብ ጊዜ አግኝቻለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው ኤፕሪል ስለወጣው የጥይት ደንብ አመሰግናለሁ። ቀድሞ በየወሩ ሃምሳ ጥይት የያዘች አንዲት ፓኮ ትሰጠኝ ነበር። በማርች ወር የመደብሩ ባለቤት የፓኮዋን ዋጋ ከአንድ ዶላር ከሃምሳ ወደ ሁለት ዶላር ከሩብ ከፍ ሲያደርጉ፣ የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር በዋጋው መናር እጅግ አዘኑ። ሁለቱም እርስዎ በመሆንዎ እንኳን ደስ አለዎት ልበል ወይስ ላጽናናዎት እስከ ዛሬ አልገባኝም። የሆነው ሆኖ ምክር ቤቱ ከተማዋ በጥይት ወጪ እንዳትደኸይ ሲል ለማርሻሉ ስድስት ጥይት ብቻ እንዲሰጥ፣ የተተኮሰችው እያንዳንዷ ጥይት በአንድ የውሻ ጅራት እንድትወራረድ፣ ያልተወራረደችውም እንዳትተካ ወሰነ። በዚያው ስብሰባ ለከተማው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ወርቃማ ጥለት ያለው ሱሪ መግዣ ስልሳ ዶላር ተፈቅዷል። ሱሪው እንደሚያምር መመስከር እወዳለሁ።

ሁለተኛ፣ በሜይ ወር ከቴክሳስ ከብት ነድተው የመጡ ሁለት ጎረምሶች ጠግበው ሰክረው የጸጉር አስተካካዩን መስታወት በሽጉጥ ሲያደቅቁ፣ እኔ አንዲት ጥይት ወደ ሰማይ ብተኩስ ሁለቱም ደንግጠው መሣሪያቸውን ጣሉ። ሰው አልሞተም፣ አልቆሰለም። ከዚያ በኋላ በተደረገው ስብሰባ ላይ እርስዎ መነጽርዎን ዝቅ አድርገው፣ «የዚችኛዋ ጅራትስ የታለ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሁለቱ ወጣቶች እኔ እስካየሁት ድረስ ጅራት እንደሌላቸው አስረዳሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ «አንድ ጥይት፣ ያልተወራረደ» ተብሎ ተጻፈ። ጸሐፊው እጅ ጽሑፉ ውብ ነው።

ሦስተኛ፣ በጁን ወር በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ የተጠመጠመ መርዘኛ እባብ ገደልኩ። እባብ ከራሱ በስተቀር ሁለመናው ጅራት ስለሆነ ቢያንስ አንዲት ጥይት ይወራረድልኛል ብዬ ተከራክሬ ነበር፤ ተሸነፍኩ። በዚያው ሰሞን እግሩ ተሰብሮ ሜዳ ላይ ሲቃትት የነበረ ፈረስ ገላገልኩና ጅራቱን ይዤ ቀረብኩ። ምክር ቤቱ ለግማሽ ሰዓት ከተወያየ በኋላ፣ የፈረስ ጅራት ከውሻው እንደሚረዝም ባይካድም ደንቡ ግን ውሻ ስለሚል ጅራቱ ተቀባይነት እንደሌለው ገለጸልኝ። አንዷ ጥይት እርጥበት ነክቷት ከሸፈች፤ ያልፈነዳች ጥይት ደግሞ ጅራት አታመጣም። አንዷን አንድ ሮጦ ያመለጠ ውሻ ላይ ስቻለሁ፤ በዚህችኛዋ አልከራከርም።

በዚህ ሁኔታ ኦገስት ሲገባ በወገቤ ላይ አንዲት ጥይት ቀረች። ዒላማ መለማመድ ከኤፕሪል ጀምሮ ትቻለሁ፤ ጣሳ ላይ ተኩሶ ጅራት ማምጣት አይቻልምና። ይህንኑ በመግለጽ ጥይት እንዲሰጠኝ ብጽፍ፣ ምክር ቤቱ ለበጋ ዕረፍት መበተኑንና ጉዳዬ በሴፕቴምበር እንደሚታይ ተነገረኝ። ዕረፍቱ እንደተስማማዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ኦገስት 23 ቀን ነው።

ያን ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሴቶች በመደብርዎ ፊት ለፊት ካለው የውሃ ፓምፕ ተሰልፈው ሳለ፣ ከወንዙ በኩል አንድ ቢጫ ውሻ እየተንገዳገደ መጣ። ለሃጩ ይንጠባጠባል፣ አንገቱን ወደ ጎን ጥሏል፣ የሚያየውን የሚያይ አይመስልም። ማበዱን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገም። ሴቶቹ ባልዲያቸውን ጥለው ሲበተኑ፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የነበረችው ወይዘሮ ታቢታ ኒል መሮጥ አቅቷት የፓምፑን እጀታ ይዛ ቀረች።

እኔ በሠላሳ እርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ። አነጣጥሬ ተኮስኩ። ሳትኩ። ይህን ከሁሉ በፊት ራሴ የምጽፈው፣ ሌላ ሰው እንዳይደክምበት ብዬ ነው። ከአራት ወር በላይ ዒላማ ሳልለማመድ የተኮስኳት ጥይት አቧራውን መታች፤ ሽጉጤም ባዶ ሆነ።

መደብርዎ ከቆምኩበት ዐሥር እርምጃ ስለነበር ሮጬ ገባሁ። እርስዎ ከባንኮኒው ጀርባ ቆመው ነበር። የተባባልነውን ከከተማው ሕዝብ ግማሹ በበሩ ሰምቶታልና ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስፍረው።

«አቶ ክራንዳል፣ ጥይት ይስጡኝ! ቶሎ!»

«ለምክር ቤቱ ነው ለግልህ?»

«ለማንም ይሁን! ያበደ ውሻ ነው!»

«ለምክር ቤቱ ከሆነ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ይህን ታውቃለህ። ለግልህ ከሆነ ደግሞ ፓኮውን ነው እንጂ በፍሬ አልሸጥም።»

«ፓኮውን ያምጡት፤ ማታ እከፍላለሁ።»

«እንዲህ ሲሉኝ ሰጥቼ ስንቴ እንደከሰርኩ ብታውቅ፣ ኦረን!»

የኪስ ሰዓቴን አውጥቼ ባንኮኒው ላይ ጣልኩት። እርስዎም አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት፤ ክዳኑን ከፈቱ፣ ጆሮዎ ላይ አስጠጉ፣ «ብር ነው?» አሉኝ። ብር መሆኑን ነገርኩዎት። ከውጭ የሰው ጩኸት የተሰማው በዚህ መሐል ነው። ከዚያ በኋላ ፓኮዋን በእርጋታ ሰጡኝ፤ ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ።

ስወጣ ኮርቻ ሠሪው ቮይቴክ ኩባት መንገዱ መሐል ተንበርክኮ ነበር። ቮይቴክ ከቦሄሚያ መጥቶ በዚህች ከተማ ዘጠኝ ዓመት የኖረ፣ በኮርቻው ያልተቀመጠ ሰው የማይገኝ፣ በትርፍ ጊዜው ሽንኩርት የሚያበቅል ሰው ነበር። መሣሪያ ኖሮት አያውቅም። ውሻው ወደ ወይዘሮ ታቢታ ሲያመራ ከሱቁ ወጥቶ በመሐላቸው ገባ፤ ግራ ክንዱን ውሻው ነክሶ ይዞታል፣ እሱ ደግሞ በቀኙ የውሻውን ማጅራት ጨምድዶ መሬት ላይ ተጭኖታል። አጠገቡ ደርሼ ሽጉጤን በውሻው ራስ ላይ ሳስጠጋ ቀና ብሎ አየኝና፣

«ቀስ በል ኦረን፣ የኔም እጅ አለበት» አለኝ።

በዚያ ርቀት እኔም አልስትም። ከሃምሳዎቹ አንዷ ወጣች።

ሐኪማችን ቁስሉን በጋለ ብረት ተኮሰው፤ በዚያን ዕለት በዚህች ከተማ ሳይዘገይ የተኮሰ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ እኔን ወደ ጓሮ ወሰደኝና፣ በሽታው ከያዘው ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ እንደሚታወቅ፣ ምልክቱም ውሃ መፍራት እንደሆነ፣ ከታየ በኋላ ግን መድኃኒት እንደሌለው ነገረኝ። ቮይቴክ በመስኮቱ ሰምቶን ኖሯል።

በማግስቱ ጠዋት ልጠይቀው ስሄድ ሥራው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ክንዱ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ቆዳውን በጉልበቱና በቀኝ እጁ ይዞ ይሰፋል። ሚስቱን ወይዘሮ ሉድሚላን ውሃ እንድታመጣ ጠራት። ጽዋውን በፊቴ ጭልጥ አድርጎ ጠጣና አፉን ጠርጎ፣ «መዝግብ፤ ዛሬ ጠጥቻለሁ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ፤ እሱ ይጠጣል፤ እኔ አያለሁ፤ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን። ወይዘሮ ሉድሚላ በሩ ላይ ቆማ ጽዋው ባዶ እስኪሆን ትጠብቃለች፤ ሲያልቅ ብቻ ወደ ጓዳዋ ትመለሳለች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ታቢታ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ ቮይቴክም፣ «ከመንከስ የማትመለስ ልጅ ትመስላለች» ሲል ልጠይቃት ብሄድ እውነትም ጣቴን በድዷ ይዛ አለቀቀችም። በሃያኛው ቀን ቮይቴክ ዳግመኛ ውሃ ሲያስቀዳ፣ «ኧረ በቃህ፣ ልትተፋው ነው» አለችውና ሉድሚላ ራሷ ሣቀች። ሁላችንም ሣቅን። ነገሩ ያለፈ መሰለን።

ሴፕቴምበር ሲገባ ምክር ቤቱ ከዕረፍት ተመልሶ ተሰበሰበ። የኔ ጉዳይ በአጀንዳው ላይ ሰባተኛ ነበር፤ በአምስተኛው ላይ መሸባችሁ።

ሴፕቴምበር 26 ቀን፣ በሠላሳ አራተኛው ቀን፣ ጽዋውን ከሉድሚላ እጅ ተቀበለ። ወደ ከንፈሩ አስጠጋ። ከዚያ ፊቱን ድንገት ከጽዋው አዞረና ውሃው በጉልበቱ ላይ ባለው ቆዳ ላይ ፈሰሰ። ጽዋውን በጥንቃቄ ወንበሩ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው።

«ኦረን፣» አለኝ፣ «ዛሬ ውሃው አላማረኝም።»

ሉድሚላ በሩ ላይ እንደቆመች ነበር። ሄዳ የፈሰሰውን በሽርጧ አደረቀችው።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ የሚቀጥሉትን ሦስት ቀናት በዝርዝር አልጽፍም፤ ጋዜጣው በምግብ ሰዓትም ይነበባልና። ራሱ ባበጀው ጠፍር ከአልጋው ጋር እንዳስረው ያዘዘኝ፣ ማሠሪያውን የት ላይ ማጥበቅ እንዳለብኝም ያሳየኝ እሱ ራሱ እንደነበረ ብቻ ይመዝገብልኝ። በሁለተኛው ቀን ለጥቂት ጊዜ ቀለል አለለትና ሉድሚላን ወደ ውጭ እንድትወጣ ለመናት። ስትወጣ ወደኔ ዞሮ፣

«ከፓኮዋ የተረፉ አሉህ አይደል?» አለኝ።

«አሉኝ።»

«ስንት ናቸው?»

«አርባ ዘጠኝ።»

«እንግዲያ አንዷን ለኔ አትሰስትም።»

ሰሰትኩ። አርባ ዘጠኙም ኪሴ ውስጥ ነበሩ፤ አንዷንም አላወጣሁም። ዓመቱን ሙሉ ጥይት ቆጥብ ስባል ከርሜ፣ በራሴ ፈቃድ የቆጠብኳት ጥይት እሷ ብቻ ናት። እጄን ይዞ ነበርና እምቢታዬን ከእጄ ያወቀው ይመስለኛል። «እሺ፣ ተወው» አለኝ። በማግስቱ ሰኞ ረፋዱ ላይ ዐረፈ። ልክ ሠርቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ከላይ የተጠቀሰው የእንቅልፍ ማጣቴ ምክንያቱ ይህ ነው። የዚህችን ጥይት ዕዳ ግን በእርስዎ ላይ አልጥልም፤ የኔ ናት።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ተውኩት፤ ምስጋናው ከቁጥር ስላለፈ።

የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ከልብ የሚነካ ነበር። እርስዎ በመቃብሩ ራስጌ ቆመው ስለ ጀግንነት ለሃያ ደቂቃ ያህል ተናገሩ፤ የሟቹን ስም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሳቱት። የሙዚቃው ጓድ በአዲሱ ሱሪው ተገኝቶ አጀበ። በዋዜማው ምክር ቤቱ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ ለሟች ክብር ወደ ሰማይ የሚተኮስ አሥራ ሁለት ጥይት ከከተማው ገንዘብ እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን፣ ውይይቱም አራት ደቂቃ መውሰዱን ከጸሐፊው ሰምቻለሁ። ወረቀት አልተጠየቀም። ጅራትም አልተጠየቀም። መደብርዎም በዚያን ዕለት በፍሬ ሸጧል፤ ፓኮ መግዛት አላስፈለገም።

ሦስት ሰዎች አራት አራት ጊዜ ተኮሱ። በዚያ ሰማይ ላይ አንድም የሚመታ ነገር አልነበረም፤ እነሱም አልሳቱም። ወይዘሮ ሉድሚላ በእያንዳንዷ ተኩስ ትሸማቀቅ ነበር። አፈሩ ተመልሶ ሕዝቡ መበተን ሲጀምር እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ስንት ተኮሱ ኦረን?»

«አሥራ ሁለት ነው፣ ወይዘሮ ሉድሚላ።»

ወደ አዲሱ አፈር ዞራ ተመለከተች።

«አንዷ ትበቃው ነበር» አለችኝና ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች።

እኔም ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ ቢሮዬ ሄጄ የማርሻልነት ምልክቴን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። በሰዓቴ የገዛኋቸው አርባ ዘጠኝ ጥይቶች በላይኛው መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ ለሚተካኝ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከኔ የተሰጡ ስጦታ ናቸው። ሲተኩሳቸው ምንም እንዲያመጣ አይጠየቅ። ለመለማመድም ቢፈልግ ከወንዙ ማዶ ባለው ሜዳ ላይ አሮጌ ጣሳ ሞልቷል። ከዚህ ሌላ ከምክር ቤቱ የምጠይቀው ምንም የለኝም። ያለፈው ደመወዜ ባልተወራረዱት ስድስት ጥይቶች ምክንያት ተቀንሶ የደረሰኝ ሲሆን፣ ሂሳቡ እስከ ሽራፊ ሳንቲሙ ትክክል ሆኖ ስላገኘሁት ለትጋታችሁ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ።

እድሜና ጤና ሰጥቶዎት በዚህች ከተማ አናት ላይ ረጅም ዘመን እንዲቀመጡ፣ መደብርዎ እንዲሰፋ፣ በሚያልፉበት መንገድ ሁሉ ውሾች በርቀት ጅራታቸውን እየቆሉ እንዲያሳልፉዎት፣ በሚጠሙበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ በደስታ እንዲጠጡ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ባርኔጣዬን አንስቼ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ትሑት የቀድሞ አገልጋይ፣
ኦረን ፒተንጊል

ማስታወሻ፦ ለጥቁሩ የሠረገላ ፈረስዎ በጁላይ ያዘዙት ልጓም አልቋል። ቮይቴክ በሃያ ስምንተኛው ቀን፣ በአንድ እጁ ጨረሰው፤ ስፌቱን አገላብጬ አይቼዋለሁ፣ እንከን የለበትም። ሲያዙት ቀብድ አልጠየቀዎትም፤ «ሊቀ መንበሩ ሲመቸው ይከፍላል» ብሎኝ ነበር። ወይዘሮ ሉድሚላ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ስለምትከፍት፣ ሲመችዎት ጎራ ብለው ከእጇ ይውሰዱት።